ከረጅም ጉዞ የተመለሱት መነኩሴ
የብፁዕ ሰማዕት አባ ገብረ ሚካኤል የሕይወት ታሪክ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ የጣርማ በርን ቁልቁለት ወርዶ፣ ሸዋ ሮቢትን፣ ሰንበቴንና አጣዬን አልፎ ወደ ከሚሴ ሲቃረብ የቦርከናን ሜዳ ያገኛል። ከተማይቱ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን መቀመጫ ናት። በገበያዋ ኦሮምኛና አማርኛ ተቀላቅለው ይሰማሉ፤ ከሕዝቡም እጅግ የሚበዛው ሙስሊም ነው። ይህ ቆላ ከድሮ ጀምሮ የወሎ ኦሮሞ ከሚባለው ሰፊ ምድር ምሥራቃዊው ጫፍ ሲሆን፣ ከእርሱ በላይ በስተምዕራብ የወሎ ደጋ ይዘረጋል። ከአንድ መቶ ስልሳ ዓመታት በላይ አስቀድሞ፣ በከባድ ክረምት ወራት፣ አንድ ዓይና ሽማግሌ ካህን በእግር ብረት ታስረው ከዘመቻ ሠራዊት ኋላ ሲጎተቱ ያለፉት በዚሁ በወሎ ኦሮሞ ምድር ነው። ስማቸው አባ ገብረ ሚካኤል ይባላል። ዛሬ ታሪካቸውን የምናወሳው ስለ አሟሟታቸው ብቻ አይደለም፤ ሃምሳ ዓመት ከሞላቸው በኋላ ከሩቅ አገር ተመልሰው በገዛ አገራቸው ያገኙትን የሕይወት ለውጥ እንዴት እንደ ተቀበሉት ለማሳየትም ጭምር ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አባ ገብረ ሚካኤል በ1791 ገደማ በጎጃም ዲቦ በምትባል መንደር ተወለዱ። በልጅነታቸው አንድ ዓይናቸው በሕመም ጠፋ። በዚያ ዘመን የገበሬ ልጅ ወይ ለሞፈር ወይ ለመጽሐፍ ነበረና፣ እርሳቸው ለመጽሐፍ ሆኑ። ዕድሜያቸው ወደ ሃያ አምስት ሲጠጋ በታላቁ የመርጡለ ማርያም ገዳም ቆብ ጫኑ። አእምሮአቸው ፈጣን፣ ጠባያቸው ደግሞ ነገርን ሳይመረምር የማይተኛ እንደ ነበረ የሕይወት ታሪካቸውን የጻፉ ሁሉ ይስማሙበታል። በገዳማት የሚታየው የሥርዓት መላላት ያሳዝናቸው ስለ ነበር፣ የምንኩስና ሕይወት ከጥንተ መሠረቱ ምን ይመስል እንደ ነበረና ለምን እንደ ደከመ ለማወቅ ፈለጉ። ከአለቆቻቸውም ፈቃድ ተቀብለው ከገዳም ወደ ገዳም እየዞሩ መጻሕፍተ መነኮሳትን ይመረምሩ ጀመር። ጥናቱ ወደ ጎንደር አደረሳቸው። በዚያም ተማሩ፣ አስተማሩ፣ የደቀ መዛሙርት አባት ሆኑ፤ በስም ንጉሠ ነገሥት ከነበሩት ከዐፄ ዮሐንስ 3ኛ ጋርም ወዳጅነት መሠረቱ።

ያ ዘመን የዘመነ መሳፍንት መጨረሻ ነበር። አገሪቱ በመሳፍንት እንደ ተከፋፈለች ሁሉ የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንትም በነገረ ሥጋዌ ተከፋፍለው ነበር። ተዋሕዶ፣ ቅባት፣ የጸጋ ልጅ የሚባሉት ወገኖች ስለ ጌታችን ልደትና ስለ መቀባቱ እየተከራከሩ ጉባኤ ይሠሩ፣ አንዳንድ ጊዜም በዱላ ይለያዩ ነበር። ነገሩን በሥልጣን የሚዘጋ ጳጳስ ደግሞ በአገሩ አልነበረም። ለኢትዮጵያ የሚሾመው ጳጳስ አንድ ብቻ ሲሆን እርሱም ከእስክንድርያ የሚመጣ ግብጻዊ ነበር። አቡነ ቄርሎስ ካረፉ በኋላ መንበሩ ከአሥር ዓመት በላይ ባዶ ቆየ። ጳጳስ ከሌለ ካህን አይካንም፤ ካህን ካልተካነ ደግሞ መቅደስ ይዘጋል። የዛሬ አንባቢ ይህን ጭንቅ በሚገባ ካላስተዋለ፣ አንድ የሃምሳ ዓመት መነኩሴ ቀይ ባሕርን እንዲሻገሩ ምን እንዳነሣሣቸው አይገባውም።

የሰሜንና የትግራይ ገዥ ደጃዝማች ውቤ አዲስ ጳጳስ ለማስመጣት ወደ ግብጽ መልእክተኞች ለመላክ ቆረጡ። መንገዱን እንዲመራላቸውም በ1839 ወደ አድዋ የገባውን ጣልያናዊውን የላዛሪስት ማኅበር ካህን፣ ዛሬ ቅዱስ የምንለውን ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስን ለመኑ። ሕዝቡ አቡነ ያዕቆብ ብሎ የሚጠራቸው እርሳቸው ናቸው። አቡነ ያዕቆብ ልመናውን የተቀበሉት መልእክተኞቹ ሮምንም እንዲጎበኙ በመስማማት ነበር። አባ ገብረ ሚካኤል ከጓዙ ጋር የተቀላቀሉት ለአቡነ ያዕቆብ ፍቅር ኖሯቸው አልነበረም። ሐሳባቸው ኢየሩሳሌምን መሳለም፣ በመንገዱም የእስክንድርያን ፓትርያርክ አግኝተው ስለ ሃይማኖት ክርክሩ ከምንጩ መጠየቅ ነበር። ፈረንጁን ካህን በጥርጣሬ ዓይን ይመለከቱ ነበር፤ በጎንደር ትምህርት ያደገ ሊቅ ከዚህ ሌላ ሊያደርግ ይችል ነበር ብሎ ማሰብም አይገባም።

መልእክተኞቹ በጥር 1841 ከአድዋ ተነሡ። ካይሮ ሲደርሱ ፓትርያርኩ የካቶሊክ ካህን አብሯቸው በመምጣቱ ተቆጡ። ቢሆንም አንድ ወጣት መነኩሴ ቀብተው ሰጧቸው፤ እርሱም አቡነ ሰላማ ተባለ። አዲሱ ጳጳስ ከጥቂቶቹ ጋር ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ፣ የቀሩት ከአቡነ ያዕቆብ ጋር ወደ ሮም ዘለቁ። በነሐሴ ወር ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 16ኛ በክብር ተቀበሏቸው። አባ ገብረ ሚካኤል በሮምና በኔፕልስ አብያተ ክርስቲያናትን፣ ገዳማትንና የካህናት ትምህርት ቤቶችን በዚያች በአንዲቱ ዓይናቸው አንድ በአንድ መረመሩ። በአገራቸው ስለ ሮም የተነገራቸውና አሁን የሚያዩት አልገጠመላቸውም። እንዲህም ሆኖ ወዲያው አልተለወጡም። ከሮም የተነሡት መነኩሴ አሁንም የመርጡለ ማርያም መነኩሴ ነበሩ፤ ሆኖም ከዚያ ወዲያ ዕረፍት የማይሰጥ ጥያቄ ተሸክመዋል። ከዚያም የተመኙትን ኢየሩሳሌምን ተሳልመው ወደ ካይሮ ተመለሱ።

በካይሮ የፈለጉትን ለማግኘት በብርቱ ደከሙ። ፓትርያርኩ ፊት ቀርበው በኢትዮጵያ ሊቃውንት መካከል ያለውን መለያየት ዘርዝረው አስረዱና መልስ ለመኑ። በመጨረሻም ክርክሩን የሚዘጋ፣ ለአቡነ ሰላማ የተጻፈ የሃይማኖት ደብዳቤ ተቀበሉ። እንግዲህ ደብዳቤውን ይዘው ወደ አገራቸው ሲመለሱ ምን ተስፋ እንዳደረጉ መገመት አይከብድም። ብዙ ሊቃውንት ዕድሜያቸውን የጨረሱበትን ክርክር የሚፈታ ቃል በእጃቸው ነበር። ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ አገኘች፤ አሁን ደግሞ ሰላም ታገኛለች። እርሳቸውም መልእክታቸውን ፈጽመው ወደ በኣታቸውና ወደ መጻሕፍታቸው ይመለሳሉ።

በአገራቸው የጠበቃቸው ግን ሌላ ነበር። ደብዳቤውን ጎንደር ላይ ለአቡነ ሰላማ ሲያቀርቡ አቡኑ አልተቀበሏቸውም፤ ደብዳቤውም በጉባኤ ሳይታወጅ ቀረ። እዚህ ላይ ለአቡነ ሰላማም ፍርድ እናድርግ። ገና ሃያዎቹን ዓመታት ያልዘለለ ወጣት ነበር፤ ቋንቋውን በማያውቀው አገር፣ በመሳፍንትና በእጨጌዎች መካከል ብቻውን ቆሟል። አንድ አረጋዊ ሊቅ ከሮም ዞረው መጥተው የሃይማኖት ደብዳቤ ሲሰጡት ሥልጣኑን የሚነካ መስሎ ቢታየው አያስደንቅም። ያም ሆነ ይህ፣ ከዚያች ቀን ጀምሮ በሁለቱ መካከል የነበረው ግድግዳ ሳይፈርስ እስከ ሞት ዘለቀ።

አንድ ሰው ከረጅም ጉዞ ሲመለስ ቤቱ ያው ነው፤ የተለወጠው እርሱ ነው። አባ ገብረ ሚካኤል ጎንደርን ጥለዋት እንደ ሄዱ አገኟት፤ ያው ጉባኤ፣ ያው ክርክር፣ ያው የወገን ስም። እርሳቸው ግን በዚያው ጉባኤ እንደ ቀድሞው መቀመጥ አልቻሉም። የሃምሳ ዓመት ሊቅ ናቸው፤ ስም አላቸው፣ ደቀ መዛሙርት አሏቸው። ዝም ቢሉ በክብር ያረጃሉ። ቢናገሩ ወዳጅ ይሸሻል፣ የተማሪዎቻቸው ክበብ ይበተናል፣ ውግዘትም ይከተላል። ወጣት ሆኖ መለወጥ ቀላል ነው፤ ያልተገነባ ነገር አይፈርስምና። ለእርሳቸው ግን የሚፈርሰው የሰላሳ ዓመት ድካም ነበር።

በ1843 መከር መግቢያ ወደ ትግራይ ተጉዘው አቡነ ያዕቆብን ፈለጉ። በመንገድ ሁሉ በጥርጣሬ ሲያዩት የነበረውን ሰው አሁን እንደ መምህር ሳይሆን እንደ ተከራካሪ ቀረቡት። ለወራት አብረው ተቀመጡ፤ መጽሐፍ ከመጽሐፍ፣ አባት ከአባት እያመሳከሩ ተነጋገሩ። አቡነ ያዕቆብም ግእዝንና አማርኛን ለማወቅ የደከሙ፣ የአገሩን ሰው ልማድ የሚያከብሩ ሰው ነበሩና አላስቸኮሏቸውም። በየካቲት 1844 አባ ገብረ ሚካኤል ወደ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ኅብረት ገቡ። ዕድሜያቸው ሃምሳ ሦስት ያህል ነበር።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ዓመታት የሥራ ዓመታት ናቸው። በአዲግራት አጠገብ ጓላ በተባለው ስፍራ አቡነ ያዕቆብ ለካህናት ማሠልጠኛ ቤት ሲከፍቱ፣ ከአገር ልጆች ዋናው መምህር አባ ገብረ ሚካኤል ሆኑ። ትምህርተ ክርስቶስን በአማርኛ በማዘጋጀት፣ የግእዝ ሰዋስውን በማስተማርና መጻሕፍትን በመተርጎም ከአቡነ ያዕቆብ ጋር በአንድ ማዕድ ሠሩ። የዛሬ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ ሕፃናትን ሰብስባችሁ በምታስተምሩበት ሰዓት፣ ለዚህ አገልግሎት በአገራችን ቋንቋ እነማን እንደ ደከሙ ብታስታውሱ መልካም ነው። ስደቱም በዚያው አልቀረም፤ አንድ ጊዜ ታስረው ተፈቱ፤ ጓላም ስትታወክ ማኅበሩ ወደ ኢሮብ ተራሮች ወደ ዓሊቴና ሸሸ። አቡነ ያዕቆብ በ1849 በምጽዋ በአቡነ ማስያስ እጅ ጵጵስናን ተቀበሉ፤ በ1851 መባቻ ደግሞ ስልሳኛ ዓመታቸውን የያዙትን ገብረ ሚካኤልን ቅስና ሾሟቸው። ካህኑ የላዛሪስት ማኅበር አባል ለመሆንም ጠየቁ፤ የተመክሮ ጊዜያቸውን ሳይፈጽሙ ቢታሰሩም ማኅበሩ እስከ ዛሬ ከልጆቹ እንደ አንዱ ይቆጥራቸዋል።

በዚህ ጊዜ ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ መሳፍንቱን አንድ በአንድ እያሸነፉ መጡ። አገሪቱን አንድ ለማድረግ ቆርጠው ስለ ነበር፣ አንድ ንጉሥ አንድ ሃይማኖት የሚለው ሐሳብ ለእርሳቸውም ለአቡነ ሰላማም ተስማማ። በ1854 ሐምሌ ወር አባ ገብረ ሚካኤል ከአራት ባልንጀሮቻቸው ጋር ጎንደር ላይ ተያዙ፤ አቡነ ያዕቆብም ለብቻቸው ታስረው ከቆዩ በኋላ ከአገር እንዲወጡ ተደረገ። እስረኞቹ እግራቸው በግንድ ተቀይዶ ወራት አለፉ። ግንድ ማለት ከባድ እንጨት ተበስቶ እግር የሚገባበትና የሚጠረቅበት ነው፤ እስረኛው መቆምም በወጉ መተኛትም አይችልም። ሃይማኖታቸውን እንዲተዉ በየጊዜው ይጠየቁ ነበር፤ በየጊዜውም እንቢ አሉ።

ካሣ በየካቲት 1855 ደረስጌ ማርያም ላይ ደጃዝማች ውቤን ድል ነሥተው ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አባ ገብረ ሚካኤልን ከፊታቸው አስቀረቡ። ሽማግሌው ቃላቸውን አልለወጡም፤ በጅራፍም ተገረፉ። ግርፋቱ በተለይ በደኅናይቱ ዓይናቸው ላይ እንዲያርፍ ታዝዞ እንደ ነበር፣ ዓይኒቱ ግን እንዳልጠፋች የታሪካቸው ጸሐፊዎች ያወሳሉ። በግንቦት መጨረሻ በአደባባይ ሞት ተፈረደባቸው። በስፍራው የነበረው የእንግሊዝ ቆንሲል ፕላውደን ለነፍሳቸው ማለደ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ሞቱን ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ለወጡት። ፕላውደን ካቶሊክ አልነበረም፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ግን ስሙ በበጎ ሊነሣ ይገባዋል።

የዕድሜ ልክ እስራት ማለት በዚያን ጊዜ በአንድ ወህኒ መቀመጥ አልነበረም፤ ሠራዊቱ ወደ ሄደበት መሄድ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ የወሎ ኦሮሞ መሳፍንትን ለማስገበር ዘመቱ፤ በዚያው ዓመት መስከረም መቅደላን ያዙ። አባ ገብረ ሚካኤል ከጎንደር ማዶ ተነሥተው ያን ሁሉ ገደልና ወንዝ በብረት ታስረው በእግራቸው ተጓዙ። ዕድሜያቸው ስልሳ አራት ነበር። ወደ ካይሮ፣ ወደ ሮምና ወደ ኢየሩሳሌም ሲጓዙ በፈቃዳቸው ነበር፤ በወሎ ምድር የተጓዙት ይህ ጉዞ ግን የሌላ ሰው ትእዛዝ ነበር። የወሎን ክረምት የሚያውቅ አንባቢ ጭቃውን፣ ጭጋጉንና የሌሊቱን ብርድ ራሱ ይጨምርበት።

በዚያ ላይ የኮሌራ ወረርሽኝ በሠራዊቱ ገባ። ወታደሩም እስረኛውም ያለ ልዩነት ወደቀ። አባ ገብረ ሚካኤል የሚሰጣቸውን ጥቂት ስንቅ ለሌሎች እያካፈሉ፣ የታመመውን እያጽናኑ ስለ ሰነበቱ ጠባቂዎቻቸው ወደዷቸው። ከብዙ ግርፋትና ረኀብ በኋላ ገና መቆማቸውን ያዩ ወታደሮች ሞትን ደጋግመው ካሸነፉት ከሰማዕቱ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር ያመሳስሏቸው እንደ ነበር ይነገራል። በመጨረሻ ግን ጉልበታቸው አለቀ። በ1855 ክረምት፣ በእኛ አቆጣጠር በ1847 ዓ.ም.፣ ጨረቻ ገባባ በተባለው የወሎ ኦሮሞ ስፍራ ከመንገድ ዳር ዐረፉ። ጠባቂዎቻቸው አለቀሱ፤ ብረቱንም ከእግራቸው ፈትተው ቀበሯቸው። በሕይወት ሳሉ ያልተፈታላቸው ብረት በዚያች ሰዓት ተፈታ።

አብረዋቸው ከተሰቃዩት መካከል በሕይወት የተረፉት ያዩትን መሰከሩ። አቡነ ያዕቆብ በ1860 ሐምሌ፣ ከምጽዋ ወደ ሐላይ በሚወስደው የቆላ መንገድ ላይ፣ እርሳቸውም እንደ ወዳጃቸው በጉዞ ላይ ሳሉ ዐረፉ። ከአገር ልጆች ካህናት አንዱ የሆኑት አባ ተክለ ሃይማኖት ዘአድዋ የጻፉት ታሪክ የሁለቱንም ድካም ለኋላው ትውልድ አቆየ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ አባ ገብረ ሚካኤልን በጥቅምት 3 ቀን 1926 ብፁዕ ሰማዕት ብለው አወጁ፤ አቡነ ያዕቆብ ደግሞ በ1975 በጳውሎስ 6ኛ ቅዱስ ተባሉ።

መነኩሴውን ባሕር ያሻገራቸው ጉዳይም እስከ ዛሬ ድረስ ብዙ ርቀት ሄዷል። ጳጳስ ከግብጽ የማስመጣቱ ልማድ ቀርቶ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በ1959 የራሷን ፓትርያርክ አገኘች። ነገረ ሥጋዌን በሚመለከት ደግሞ ጳውሎስ 6ኛና የእስክንድርያው ፓትርያርክ ሽኖዳ 3ኛ በግንቦት 1973 በሮም ተገናኝተው፣ ጌታችን ፍጹም አምላክና ፍጹም ሰው መሆኑን፣ መለኮቱና ትስብእቱ ያለ መቀላቀልና ያለ መለያየት አንድ መሆናቸውን በጋራ መግለጫ ፈረሙ። አባ ገብረ ሚካኤል ከካይሮ ደብዳቤ ይዘው ከተመለሱ ከአንድ መቶ ሰላሳ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ያን መግለጫ እርሳቸው ቢያነቡት ኖሮ ቃል በቃል ይመረምሩት እንደ ነበር አያጠራጥርም፤ ጠባያቸው ነውና።

የተወለዱበት ጎጃምና ያረፉበት ወሎ በ2015 በተቋቋመው የባሕር ዳር ደሴ ሀገረ ስብከት በአንድ እረኝነት ሥር ሆነዋል። ዲቦ ዛሬም አለች። አጽማቸው ግን አልተገኘም። ከቦርከና ሜዳ ተነሥቶ ወደ ወሎ ደጋ የሚወጣ መንገደኛ፣ መቃብራቸው እዚህ ነው ብሎ የሚያሳየው ሰው የለም።